የስዊድን የተባለው መውቂያ

አሰላ፣ መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለራሄል ገብረ ማርያም፤

አዲሱን ዓመት የጤናና የሥራ ያድርግልሽ። እዚህ ያለነው ሁላችንም ደህና ነን። እኔ ጉልበቴን ያመኛል፤ ምላሴ ግን ደህና ስለሆነ አትስጊ። ሸሪኬ ሚፍታ ሰላም ብሎሻል። ይህን በወረቀት ጽፌ ልጁ ነቢላ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። አንቺም በእጅሽ ጽፈሽ እንደዚሁ ላኪልኝ። በማሽን የተጻፈ ነገር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ።

አባትሽ ነፍሱን ይማረውና የአጎቴ ልጅ ቢሆንም ከወንድም በላይ ነበር። በሱ ስም አንድ ነገር ልለምንሽ ነው። ገንዘብ አይደለም፤ ደንግጠሽ ስልኩን እንዳትዘጊው።

የዲክሲስ ገበሬዎች ዩኒየን ለሚቀጥለው ዓመት አዝመራ ሠላሳ የገብስ መውቂያ ሊገዛ ጨረታ አውጥቷል። ሠላሳ መውቂያ በአንድ ጊዜ ሲታዘዝ በዕድሜዬ አላየሁም። እኔና ሚፍታ በዓመት አራት ከሠራን ተመስገን የምንል ሰዎች ነን። ይህን ካገኘን አሥር በያጅ እንቀጥራለን፤ ጋራዡም ከኛ በኋላ ይኖራል። ካጣን ግን ሚፍታ በሩን ዘግቶ አቦምሳ ወደ እህል ንግድ ሊገባ ነው። እኔም በሰባ አንድ ዓመቴ ብቻዬን ብረት አላነሳም።

ችግሩ ወረቀት ነው። መውቂያችን ጎኑ ላይ «የስዊድን ሥራ» የሚል ጽሑፍ አለው፤ ታስታውሺው ይሆናል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ አይሻ ያን አይተው «የስዊድን ከሆነ የስዊድኑን ንድፍ አምጡ» አሉን። ነገሩን የቆሰቆሰው ጌትነት ነው። ዋናው መንገድ ላይ በመስታወት በተሠራ ሱቅ ከውጭ የመጣ ትራክተርና መውቂያ ይሸጣል። «መርሻ የሰው ሥራ ገልባጭ ነው» ብሏቸዋል።

ወጣት ሳለሁ ባሠለጠነኝ የስዊድኖች የእርሻ ፕሮጀክት ወርክሾፕ ሚስተር ሉንድ የሚባል ስዊድናዊ መሐንዲስ ነበር። በ1967 ወደ አገሩ ሲመለስ ንድፎቹን ይዞ ሄደ። አንቺ ያለሽው እሱ አገር ነው። እዚያ ያሉ የእርሻ መሣሪያ ሙዚየሞችን ጠይቂልኝ። ጨረታው ኅዳር 20 ይዘጋል።

አውቶቡሱን ቀስ ብለሽ ንጂ።

አጎትሽ መርሻ


ስዊድን፣ መስከረም 26 ቀን 2017

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ መርሻ፤

ለጉልበትዎ ምሕረቱን ያውርድልዎ። ለምላስዎ አልጸልይም፤ ከኔ የበለጠ ጤነኛ ነው። ጋሽ ሚፍታን በጣም ሰላም ይበሉልኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ መጨረሻው ፌርማታ ላይ መኪናዬን አቁሜ ሳለ ነው። ብቻዬን ስስቅ አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ ምን እንደሚያስቀኝ ጠየቁኝ። «አጎቴ አውቶቡሱን ቀስ ብለሽ ንጂ ይለኛል» አልኳቸው። «እውነቱን ነው» ብለው ወረዱ።

ጽሑፉን እንዴት እረሳዋለሁ? ልጅ ሆኜ ስዊድን ማለት ከአሰላ ወረድ ብሎ ያለ ቀበሌ ይመስለኝ ነበር። አባባ ሰው ቤታችን በመጣ ቁጥር «ወንድሜ የስዊድን ማሽን የሚገጥም ሰው ነው» እያለ ይኮራብዎ ነበር።

አገኘሁልዎ መሰለኝ። ሚስተር ሉንድ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጃቸው ግን ወረቀታቸውን በሙሉ ለአንድ ሙዚየም ሰጥታለች። ከኔ ከተማ በባቡር ሦስት ሰዓት ነው። በዕረፍት ቀኔ እሄዳለሁ። ጌትነትን አፉን እናስይዘዋለን።

የርስዎዋ ራሄል


አሰላ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017

ለልጄ ለራሄል፤

ጌታ ከክፉ ይጠብቅሽ። በሕይወት እንዳለሽ ነቢላ ነግራኛለች፤ ስልክሽ ላይ አረንጓዴ ምልክት ይታያል አለች።

ሃያ አራት ቀን ሆነ። ባቡሩ ሦስት ሰዓት ነው ብለሽኝ ነበር፤ የስዊድን ሰዓት ይረዝማል እንዴ?

ትናንት ጌትነት ጋራዣችን ድረስ መጣ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ አዘነልኝ። «ጋሽ መርሻ፣ ይበቃዎታል። የኔን ማሽን መለዋወጫ ይያዙና ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሽጡ» አለኝ። ሚፍታ መዶሻውን አስቀምጦ ወጣ። ሚፍታ መዶሻ ሲያስቀምጥ በጣም ተናዷል ማለት ነው።

እኔ እነዚህ የመስታወት ሱቆች ሲከፈቱም ሲዘጉም አይቻለሁ። በንጉሡ ጊዜ ቀዩ ትራክተር መጣ፤ ወኪሉ ክራቫት አስሮ ለባለ ርስት ይሸጥ ነበር። መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ገዢውም ሻጩም ባንድ ሰሞን ጠፉ። መስታወቱ ውስጥ የቀረው የትራክተር ስዕል ያለበት ቀን መቁጠሪያ ብቻ ነበር። በደርግ ጊዜ ማሽኑ ሁሉ ለመንግሥት እርሻ ሆነ፤ የማሽኑ ቀበቶ፣ ቺንጊያው፣ ሲበጠስ ምትክ ስለማይገኝ ከአሮጌ ጎማ እየቆረጥኩ አስር ነበር። ቀጥሎ ኮምባይነሩ መጣ። ሜዳውን ሁሉ አጨደ፤ ተዳፋቱንና የድሃውን ቁራጭ ማሳ ግን ተወው። እሱ የተወውን ስንወቃ የኖርነው እኔና ሚፍታ ነን። ወኪል ሸጦ ይሄዳል፤ ማሽኑ ሲቆም ገበሬው የሚመጣው እኛ ዘንድ ነው።

ስለዚህ ወንበር አልፈልግም። ንድፉን ነው የምፈልገው። ምን ላይ ደረሰ?

መርሻ


ስዊድን፣ ኅዳር 2 ቀን 2017

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ። የዘገየሁት የሥራ ፈረቃዬ ተደራርቦብኝ ነው። የሙዚየሙ ሣጥን ብዙ ነው፤ ፍለጋው ጊዜ ይወስዳል። ለጉልበትዎ መድኃኒት ብዬ ትንሽ ብር በባንክ ልኬያለሁ። ከምንም በላይ ጤና ይበልጣል። ጨረታው ባይሳካስ? ደግሞስ ጌትነት ያለው ነገር ያን ያህል ክፉ ነው?

ራሄል


አሰላ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017

ለራሄል፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ብርሽ ደርሷል። መልሼ እንዳልክልሽ ባንኩ ስለሚያንገላታኝ ላሜራ ገዛንበት።

ገንዘብ አይደለም ብዬ ጽፌልሽ ገንዘብ ላክሽልኝ። አባትሽ ሲዋሽ ጆሮውን ያክ ነበር። አንቺ ስትዋሺ ብር ትልኪያለሽ ማለት ነው። ያገኘሽውን ንገሪኝ። ክፉ ወሬ ለመስማት የሐኪም ፈቃድ የሚያስፈልገኝ ሰው አይደለሁም።

መርሻ


ስዊድን፣ ኅዳር 6 ቀን 2017

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ መርሻ፤

በአባቴ አፅም፣ ይቅር ይበሉኝ። ንድፉን ካገኘሁት ሦስት ሳምንት ሆኖኛል።

አራት ትልልቅ ወረቀት ነው። ሚስተር ሉንድ ፈርመውበታል፤ አሰላ የሚል ስምም አለበት። ሳየው ከደስታዬ ብዛት የሙዚየሙን ኃላፊ አቀፍኳት። ከዚያ ነቢላ የላከችልኝን የማሽናችሁን ፎቶ አውጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኩት። አይመሳሰሉም። የንድፉ ከበሮ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚደርሱ ረጃጅም ዘንጎች አሉ፤ የርስዎ ከበሮ ግን ጥርስ በጥርስ ነው። ወንፊቱ ይለያል፣ ነዶው የሚገባበት አፍ ይለያል፣ ማራገቢያው እንኳን በሌላ በኩል ነው። በወረቀቱ ግርጌ ደግሞ ሚስተር ሉንድ በእጃቸው ጽፈዋል፤ «አንድ ብቻ ተሠርቶ ተሞከረ፤ ለእርጥብ ገብስ አልተስማማም፤ ሥራው ቆሟል» ይላል።

አጎቴ፣ ስዊድን እንደርስዎ ያለ ማሽን ሠርታ አታውቅም። ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን «የስዊድን» ተብሎ የተሸጠው የማን ነው? ይህን ወረቀት ብልክልዎ ጌትነት በኮሚቴው ፊት ውሸታም ሊልዎ ነው። ባልልክ ጨረታው ያመልጥዎታል። ይህን ሳወጣ ሳወርድ ባለፈው ማክሰኞ ሁለት ፌርማታ ሳልቆም አለፍኩ።

ምን ላድርግ?

ራሄል


አሰላ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017

ለልጄ ለራሄል፤

እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ እኔ ፈትቼሻለሁ።

ደብዳቤሽን ለሚፍታ አነበብኩለት። እሱ ሳቀ፤ እኔ ግን አፈርኩ። እንግዲህ እውነቱን ልንገርሽ፤ አባትሽም አያውቀውም ነበር።

ሚስተር ሉንድ ደግ ሰው፣ ጥሩ መሐንዲስ ነበር። ማሽኑን ያሰበው ለደረቅ ስንዴ ነው። የኛ ደጋ ገብስ ግን ጉም ውስጥ የሚታጨድ ነው፤ ከበሮው ላይ እንደ ገመድ ተጠመጠመ። ሌላም ጣጣ ነበረው። ገለባውን ረጅምና ደረቅ አድርጎ ሲያወጣው ከብቱ አሽትቶ ጥሎት ሄደ። በበሬ ስናበራይ ገለባው በሰኮና ይደቅቃል፣ ይለሰልሳል። የአርሲ ገበሬ ደግሞ የሚወቃው ለራሱ ብቻ አይደለም፤ ለላሙም ነው። ገለባ የሚያበላሽ ማሽን በነፃ ቢሰጡት አይወስድም።

ሚስተር ሉንድ ሲሄድ ማሽኑ ጥግ ላይ ቀረ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ፈታሁት፣ ገጠምኩት፣ እንደገና ፈታሁት። ዘንጎቹን ቆራርጬ ጥርስ አደረግኋቸው፤ አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ አዛንፌ በየድኳቸው። በመኸር እርጥቡን ገብስ ወቃ። ገለባውንም ልክ በበሬ እንደተበራየ አድርጎ አደቀቀው።

የመጀመሪያውን ለመሸጥ ጮሌ ገበያ ወሰድኩት። አንድ ገበሬ ዞሮ ዞሮ አየውና ወደደው። «ማን ሠራው?» አለኝ። «እኔ» አልኩት። ከእግር እስከ ራሴ አይቶኝ «አንተ ከሠራኸውማ በሬዬን ለምን እሸጣለሁ» ብሎ ሄደ። የቅርብ ጸበል ልጥ ይነከርበታል ይባል የለ? በሚቀጥለው የገበያ ቀን ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም «የስዊድን ሥራ» ብዬ ጽፌ ሄድኩ። ያው ሰውዬ መጣ፤ ሳይከራከር ገዛው።

ከዚያ ወዲህ በያንዳንዱ ላይ ጻፍኩት። ሰው አመነ፣ ሚፍታም አብሮኝ መሥራት ሲጀምር አመነ፣ እየቆየ እኔም አመንኩት። ንድፉን ፈልጊ ስልሽ ከልቤ ነው፤ ማሽኔ እዚያ ወረቀት ላይ ያለ መስሎኝ ነበር። ሰው የገዛ ልጁን የጎረቤት ልጅ ነው እያለ ሃምሳ ዓመት ያሳድጋል? እኔ አሳደግሁ። በጣም ነው የተናደድኩት፤ በራሴ።

አሁን የምለምንሽ ይህን ነው። ንድፉን ከነማኅተሙ ላኪልኝ። የምፈልገው ከማሽኔ ጋር ስለማይመሳሰል ነው። ይህን ስጽፍልሽ ሚፍታ ከኋላዬ ቀለሙን በብረት ብሩሽ እየፋቀው ነው።

መርሻ


ስዊድን፣ ኅዳር 12 ቀን 2017

ለተከበሩ አጎቴ፤

ዛሬ በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ። ሦስት ማኅተም አለው። ሁለቱን ሙዚየሙ መታልኝ፤ ሦስተኛውን የአገሬን ቢሮ ስለማውቅ ለምኜ አስጨመርኩ። ኃላፊዋ ለምን እንዳስፈለገ አልገባትም።

ደብዳቤዎን አራት ጊዜ አነበብኩት። አባባ ይህን ሳይሰማ መሞቱ ቆጨኝ። ኮርቼብዎታለሁ፤ በርቱ።

ራሄል


አሰላ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017

ለልጄ ለራሄል ገብረ ማርያም፤

የአባቶችሽ አምላክ እጅሽን ይባርክልኝ። ተቀምጠሽ አንብቢው።

ጨረታው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ንድፉን ይዤ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ «የስዊድን ማሽን ይኸውላችሁ። የኛ ይህ አይደለም። የኛን እኔ ነኝ የሠራሁት፤ አንድም የስዊድን ብሎን የለበትም። ሃምሳ ዓመት ዋሽቻችኋለሁ» አልኳቸው። ወይዘሮ አይሻ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ጌትነት «እንግዲያውስ አባት የሌለው ማሽን ነው፤ ማን ዋስ ይሆነዋል?» አለ። እኔም «አባቱ ፊትህ ቆሟል» አልኩት። ሴትዮዋ አሰቡና «ወረቀት ገብስ አይወቃም። ሁለታችሁም ማሽናችሁን ይዛችሁ ዲክሲስ አውድማ ላይ ውጡ» ብለው ፈረዱ።

ታኅሣሥ 17 ሄድን። የዋዜማው ቀን ያለ ወራቱ ካፊያ ጥሎ ነዶው ረጥቧል። የጌትነት ማሽን እንደ ሙሽራ ያብረቀርቃል። የኛ ቀለሙ ተፍቆ ጎኑ ተላልጧል፤ ሚፍታ እንደገና ልቀባው ሲል ከልክዬዋለሁ። ከየወረዳው የመጣ ሰው አውድማውን ከቦ ነበር።

ለሁለት ሰዓት ነው የተፈቀደው። መጀመሪያ የቀረበልን ከክምሩ መሃል የወጣ ደረቅ ነዶ ስለነበር ጌትነት በሁለት ኩንታል ቀደመን። ሚፍታ ግን ላቡን ጠርጎ ያለ ጥድፊያ ያጎርሳል። «ቶሎ በል» ስለው «አንተ ዝም በል፣ ማሽኑን አታስደንግጠው» ይለኛል። ከዚያ እርጥቡ ነዶ መጣ። የጌትነት ማሽን አቃሰተና ቆመ። ፈትተው አጸዱት፤ ተነሣ፣ እንደገና ቆመ። የኛ ድምፁን እንኳን አልቀየረም። ሰዓቱ ሲያልቅ እኛ አሥራ አንድ ኩንታል፣ እሱ ስምንት።

ጌትነትም እውነቱን ተናገረ፤ የሱ እህል ከኛ የጠራ ነው። ኮሚቴው ተከፋፈለ። ግማሹ ብዛት አለ፣ ግማሹ ጥራት አለ። እኔ ያለቀልኝ መሰለኝ። ያኔ አንዲት አሮጊት ገበሬ ከሰው መሃል ተነሥተው «የገለባውን ነገር ማን ጠየቀ? ከብቱን አምጡ» አሉ።

ሁለቱን የገለባ ክምር አራራቁና አሥራ አንድ ከብት ለቀቁ። የፊተኛዋ ላም በቀጥታ ወደ ጌትነት ክምር ሄደች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። አሸተተች። አንድ ጊዜ ጎረሰች፣ ተፋችው፣ ዞረች። ወደኛ መጥታ አንገቷን እስከ ጆሮዋ ቀበረችበት። ሁሉም ተከትለዋት መጡ። ጌትነት ዘንድ አንዲት ጥጃ ቀርታ ነበር፤ እሷም የምትልሰው ጫማውን ነው። ሽማግሌዎቹ በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉና አውድማው በሳቅ ተናጋ። ጫጫታው ስላላሰማኝ ሚፍታን ምን እንዳሉ ጠየቅሁት፤ «ላም ጉቦ አትበላም» ነው ያሉት።

ሠላሳውንም አገኘን። ሚፍታ ሱጁድ ወረደ፤ እኔም አማተብኩና አለቀስኩ። በሕዝብ ፊት ነው ያለቀስኩት፤ አላፍርም። ወይዘሮ አይሻ ማሽኑን እየዞሩ አዩና «ስሙስ የት አለ?» አሉ። ከጮሌ ገበያ ወዲህ «ማን ሠራው» ተብዬ ስጠየቅ የመጀመሪያዬ ነው። «መርሻና ሚፍታ፣ አሰላ» አልኩ። አሁን በብረት ላይ እየቀረጽን እንበይደዋለን፤ በብሩሽ የሚፋቅ አይደለም።

በማግሥቱ ጌትነት አንገቱን ደፍቶ መጣ። ማሽናችንን በመስታወት ሱቁ አቁሞ ሊሸጥልን ይፈልጋል። ሚፍታ እሺ በለው አለኝ፤ እሺ አልኩት። ነጋዴ ነውና ሲወጣ «ከውጭ የመጣ ብንለው ግን ዋጋው ከፍ ይል ነበር» አለኝ። ይህን ጊዜ ሚፍታ መዶሻውን አስቀመጠ፤ ጌትነትም ቶሎ ወጣ።

አጎትሽ መርሻ


ስዊድን፣ ጥር 6 ቀን 2017

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ መርሻና ለጋሽ ሚፍታ፤

ደስታችሁን ያዝልቅላችሁ። ደብዳቤውን ለሥራ ባልደረቦቼ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ሾፌሮቹ ሁሉ የላሟን ነገር ሲሰሙ አጨበጨቡ።

ለሙዚየሙ ኃላፊም ነገርኳት። እሷ ለሚስተር ሉንድ ልጅ ደወለችላት። ሴትዮዋ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ በስልክ አነጋገሩኝ። አባታቸው እስኪሞቱ ድረስ «አሰላ ጥግ ላይ የተውኩት ማሽን ዝጎ ይሆናል» እያሉ ይቆጩ እንደነበር ነገሩኝ። አልዛገም፤ ስንት ሺህ ሰው አበላ አልኳቸው። ሁለታችንም አለቀስን።

አሁን ሙዚየሙ ከሚስተር ሉንድ ንድፍ አጠገብ የናንተን መውቂያ ማቆም ይፈልጋል። ስጦታ አልጠየቁም፤ ሊገዙ ነው። ስዊድን የአሰላ ሥራ ልትገዛ ነው፣ አጎቴ። ኃላፊዋ መቼ እንደምትልኩላት በጥድፊያ ጠይቂልኝ ብላኛለች። ምን ልበላት?

የርስዎዋ ራሄል


አሰላ፣ ጥር 13 ቀን 2017

ለልጄ ለራሄል፤

ጥምቀትን በሰላም አሳልፈናል፤ ለአንቺም በያለሽበት በረከቱ ይድረስሽ። አጭር ነው የምጽፍልሽ፤ አዲሶቹ በያጆች አሥሩም መጥተው ቆመው ይጠብቁኛል።

ለሚስተር ሉንድ ልጅ እጅ ነሥቼ ሰላም በያቸው። መፍታትና መግጠም ያስተማረኝ አባታቸው ነው፤ ይህንንም የትም ቦታ እናገራለሁ።

ለኃላፊዋ ደግሞ እንዲህ በያት። መልእክቷ ደርሶናል፣ ደስ ብሎናል፣ እንሸጥላታለን። ነገር ግን ሠላሳው የዲክሲስ ነው። ከሱ ቀጥሎ ጮሌ ስምንት አዟል። ገብሱ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ስዊድን ሠላሳ ዘጠነኛ ናት፤ ተራዋን ትጠብቅ።

መርሻ፣ መውቂያ ሠሪ